«ሰርቨሩ ራሱ አይቶ ይዘለዋል»

«ለፕሪንተሩ አይፒውን በእጅ ስጠው፤ ዲኤችሲፒው ራሱ አይቶ ይዘለዋል።» አድራሻ ስለሚያድለው ስለ ዲኤችሲፒ ሰርቨር የሚነገረው ይህ ምክር አርባ ምንጭ ውስጥ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል፤ የሚያስከትለውን መዘዝም በዓይኔ አይቻለሁ።

ምክሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የዲኤችሲፒ ደንብ፣ አርኤፍሲ 2131፣ ሰርቨሩ ቀድሞ ያገለገለ አድራሻ መልሶ ከመስጠቱ በፊት ሌላ እንዳልያዘው እንዲፈትሽ ይመክራል። የሲስኮ ራውተር ካልቀየሩት በቀር ሁለት ጊዜ ፒንግ አድርጎ መልስ ሲያጣ ይሰጣል። ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ግን ፍተሻው ከመጀመሪያው ዜሮ ላይ ነው፤ ካላስተካከሉት ጭራሽ አይጠይቅም።

ቢጠይቅስ? ፕሪንተር የሚመልሰው ሲበራ ነው። እኛ ጋ ደግሞ መብራት ይሄዳል። ሰርቨሩና ስዊቹ ዩፒኤስ አላቸው፣ ፕሪንተሩ የለውም። በዚህ መሀል አንድ ላፕቶፕ አድራሻ ይጠይቃል። ሰርቨሩ 10.10.20.50ን ይጣራል፤ መልስ የለም፤ ይሰጠዋል። መብራት ሲመጣ ፕሪንተሩም በዚያው 10.10.20.50 ይነሣል። ከዚያ በኋላ ኅትመቱ አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይቀራል። «ኔትወርኩ ነው» ተብሎ ኬብል ይቀየራል፣ ባለጉዳይ መስኮት ላይ ተሰልፎ ይውላል። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ደህናውን ፕሪንተር ፈትተውት ነበር። ጉዳዩ የታወቀው ፕሪንተሩ ባተመው ወረቀት ላይ ያለው የማክ አድራሻና ኅትመት የሚልከው ኮምፒውተር ለ10.10.20.50 የያዘው የማክ አድራሻ ጎን ለጎን ሲታዩ ነው፤ ፈጽሞ የተለያዩ ነበሩ።

የሚያናድደኝ መፍትሔው የደቂቃ ሥራ መሆኑ ነው፦ ከ10.10.20.1 እስከ 10.10.20.60 ያሉትን ኤክስክሉድ አድርጎ (ሰርቨሩ እንዳያድላቸው አስቀርቶ) ራውተር፣ ሰርቨርና ፕሪንተር እዚያ ውስጥ ማስቀመጥ። ይህን ትቶ «ራሱ ያውቃል» እያለ ሰው የሚያሳስት ባለሙያ ሥራውን አልሠራም።

ሌሎቹ ወሬዎች አጭር መልስ ይበቃቸዋል። አንዳንዶች ኤክስክሉድ የተደረገ አድራሻ የተቆለፈ ይመስላቸዋል፤ አይደለም፣ ማንም በእጁ ሞልቶ ሊይዘው ይችላል። ሪዘርቬሽንም ሌላ ነገር ነው፤ እሱ አንድን አድራሻ ለአንድ ማክ ብቻ ያስይዛል፣ የሚሰጠውም ሰርቨሩ ራሱ ነው። «ለወደፊት ይሁን» ብሎ ብዙ ማስቀረትም ዋጋ አለው። ከተለመደው 254 አድራሻ 150ውን ካስቀሩ የሚታደለው 104 ነው፤ አንድ የኮምፒውተር ክፍልና የተማሪዎቹ ስልክ ይጨርሰዋል። እንደ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ አባያ፣ ጫሞ፣ ኩልፎ እያለ በየግቢው የተበተነ ተቋም ደግሞ በእያንዳንዱ ስኮፕ (ሰርቨሩ በሚያድለው የአድራሻ ክልል) ላይ ለየብቻ ማሰብ አለበት።

ግጭቱ ከተፈጠረ በኋላ ኤክስክሉድ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። ላፕቶፑ የወሰደውን አድራሻ በእጁ እንደያዘ ነው፤ እንዲለቅ ተደርጎ አዲስ መጠየቅ አለበት። ሁለት ሰርቨር የሚያድል ከሆነም የኤክስክሉዱ ትእዛዝ ሁለቱም ላይ ይግባ፤ ያልተነገረው ሰርቨር ያንኑ አድራሻ ለሌላ ይሰጠዋል።