ሸሚዙና መሳቢያው፦ ስለ ዴንማርክ ዘመናዊ ባለመሳቢያ ሣጥን



በስላይዱ ላይ የምትመለከቱት በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በዴንማርክ በብዛት ይሠሩ ከነበሩት ባለመሳቢያ ሣጥኖች አንዱን ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የተለጠፈ ጌጥ የለውም። የብረት እጀታም የለውም፤ በምትኩ የመሳቢያው ከንፈር ጣት እንዲያስገባ ተደርጎ ተቦርቡሯል። እግሮቹ ወደ ታች እየቀጠኑ ይወርዳሉ። ዛሬ እንዲህ ያለውን ሣጥን የሚሸጡ ነጋዴዎች ዘወትር «ወጥ የቲክ እንጨት ነው» ይላሉ። ይህ አባባል ብዙውን ጊዜ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ዕቃውን እስከ ማበላሸት ይደርሳል።

የነገሩ መነሻ ግን እንጨቱ ሳይሆን ልኬቱ ነው። በ1924 በኮፐንሀገን በሚገኘው የንጉሣዊ የሥነ ጥበብ አካዳሚ የቤት ዕቃ ንድፍ ትምህርት ሲጀመር መምህሩ ኮሬ ክሊንት ነበር። ክሊንት ተማሪዎቹን የሰውን አካልና የቤት ውስጥ ቁሳቁስን ያስለካቸው ነበር። ሣጥን ሠሪ ከሣጥኑ አስቀድሞ በውስጡ የሚቀመጠውን ነገር ማወቅ አለበት የሚል እምነት ነበረው። ደቀ መዝሙሩ ቦርገ ሞገንሰን ከ1942 እስከ 1950 የዴንማርክ ሸማቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር የቤት ዕቃ ንድፍ ክፍልን መራ፤ ዓላማውም ጥሩ ዕቃ ለተራው ቤተሰብ በሚቻል ዋጋ ማቅረብ ነበር። ከዚያም በ1954 ከአርክቴክት ግሬተ ማየር ጋር በመሆን የቤት ውስጥ ቁምሳጥኖችን ንድፍ ሲያወጣ፣ አንድ ቤተሰብ ስንት ሸሚዝ፣ ስንት ሹካና ማንኪያ እንዳለው፣ ሸሚዙም ሲታጠፍ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ አጥንተዋል። የመሳቢያው ስፋትና ጥልቀት የተገኘው ከዚህ ነው።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወደ ላይ የሚከፈተውን የእናቶቻችንን ሣጥን የሚያውቅ ሰው፣ ከሥር ያለችውን አንዲት ነጠላ ለማውጣት ከላይ ያለው ሁሉ መነሣት እንዳለበት ያስታውሳል። አውሮፓም መሳቢያ ከመስፋፋቱ በፊት እንዲሁ ነበረች።

አሁን ወደ እንጨቱ እንመለስ። ቲክ በዴንማርክ አይበቅልም፤ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ በመርከብ ይመጣ ነበር። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህም በይበልጥ የሚታየው በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ነው። ስለዚህ በማሞቂያ በሚደርቅ ቤት ውስጥ ሰፊ ወጥ ሳንቃ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ሠሪዎቹ ለዚህ የነበራቸው መልስ ልባጥ ነው፦ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ስስ የቲክ ገጽ፣ በማይጣመም ኮምፔርሳቶ ወይም ቺፑድ ላይ በኮላ ይለጠፋል። ወጥ እንጨት የሚገባው ለእግር፣ ለጠርዝና ለከንፈሩ ነው። ከአንድ ግንድ በተከታታይ የተገፈፉ ልባጦች በቅደም ተከተል ሲለጠፉም የእንጨቱ መስመር ከላይኛው መሳቢያ እስከ ታችኛው ሳይቋረጥ ይወርዳል። እኔ ይህን ከማንኛውም ቅርጻ ቅርጽ አስበልጣለሁ። ልባጥን የማታለያ ሥራ አድርጎ ማየት ዕቃውን ካለመረዳት የሚመጣ ነው።

ይህን የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው። በዶክትሬት ጥናቴ ዘመን አንድ ያገለገለ ሣጥን ገዝቼ፣ በላዩ ላይ የብርጭቆ ሥር የተወውን ክብ እድፍ ለማጥፋት በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት። እድፉ ጠፋ። ወዲያው ግን በጠርዙ አጠገብ መዳፍ የሚያህል የገረጣ ሌላ እንጨት ብቅ አለ። ቢደመጥ ኖሮ ማስጠንቀቂያው ዕቃው ላይ ነበር፦ ወጥ ሳንቃ ቢሆን የላዩ መስመር በጎኑ ተሻግሮ የእንጨቱ ክብ ቀለበቶች ይታዩ ነበር፤ በእኔ ሣጥን ግን መስመሩ ጠርዙ ላይ ተቋርጧል። የተነሣ ልባጥ በኮላ ሊመለስ ይችላል፤ የተፋቀ ግን አይመለስም።

በሮዝውድ የተለበጡትን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። የብራዚል ሮዝውድ ከ1992 ጀምሮ ሊጠፉ በተቃረቡ ዝርያዎች ንግድ ላይ በሚሠራው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ጥበቃ ሥር ነው፤ ስለዚህ አሮጌ ሣጥንም ቢሆን ያለ ሰነድ ድንበር አይሻገርም።

የእኔን ሣጥን የገረጣውን ጠርዝ ወደ ግድግዳ አዙሬ ለዓመታት ተጠቀምሁበት። ሸሚዞቼ ሁለት ረድፍ ሆነው ልክ ይገቡበት ነበር። ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።