ግብር የሚቀንስ ፊርማ፤ ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

ደመወዝዎ ሳይጨምር የቤትዎ የጣሪያና ግድግዳ ግብር በአንድ ጊዜ እጥፍ ቢሆን ምን ያደርጋሉ? አብዛኞቻችን ወረዳ ሄደን አቤት እንላለን። በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግን ሌላም መንገድ አለ፤ ነዋሪዎች የድጋፍ ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩን በቀጥታ ለሕዝበ ውሳኔ ያቀርባሉ።

የዚህ መንገድ ትልቁ ምሳሌ «ፕሮፖዚሽን 13» ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ የቤት ዋጋ ሲንር ግብሩም አብሮት ናረ። ቤቱን የመሸጥ ሐሳብ የሌለው ጡረተኛ ሳይቀር፣ እጁ ባልገባ ገንዘብ ግብር ተጠየቀ። ሃዋርድ ጃርቪስ የተባሉ ጡረታ የወጡ ነጋዴ ከፖል ጋን ጋር ሆነው ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ እንዲሰበሰብ አደረጉ። በጁን 1978 ከመራጩ 65 በመቶ ያህሉ ደገፋቸው። ከዚያ ወዲህ የንብረት ግብር መሠረታዊ ምጣኔ ከቤቱ የግብር ግምት 1 በመቶ አይበልጥም፤ ግምቱም ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ አይጨምርም።

የምሠራው በማርኬቲንግ ሙያ ስለሆነ አጭር መልእክት ምን ያህል እንደሚሸጥ አውቃለሁ። «ግብርዎ ይቀንሳል» ከሚለው የተሻለ ማስታወቂያ መጻፍ ይከብዳል። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ቅናሽ ጀርባ የሆነ ሰው የሚከፍለው ሒሳብ አለ።

በካሊፎርኒያ ከንብረት ግብር የሚገኘው ገቢ ከግማሽ በላይ ወረደ። የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ካጠራቀመው ገንዘብ አውጥቶ ቀዳዳውን ለመድፈን ቢሞክርም፣ በብዙ ቦታዎች የክረምት ትምህርት ቀረ። ትምህርት ቤቶችም በክፍለ ግዛቱ በጀት ላይ ይበልጥ ጥገኛ ሆኑ።

ሌላው ሒሳብ የወደቀው በአዲስ ቤት ገዢዎች ላይ ነው። በሎስ አንጀለስ «ሊትል ኢትዮጵያ» አካባቢ ሁለት ተመሳሳይ ቤቶች ጎን ለጎን አሉ እንበል። አንደኛው በ1990 በ100 ሺህ ዶላር ተገዝቷል፤ ግምቱ በየዓመቱ 2 በመቶ ቢያድግ ዛሬ 200 ሺህ ገደማ ይደርሳል፤ 1 በመቶው 2 ሺህ ዶላር ነው። ሁለተኛውን አንድ ወጣት ቤተሰብ ዘንድሮ በ800 ሺህ ቢገዛው 8 ሺህ ዶላር ይከፍላል። መንገዱ አንድ፣ ቆሻሻ የሚያነሳውም መኪና አንድ፤ ግብሩ ግን አራት እጥፍ!

ይህ ማለት ፊርማው ስህተት ነበር ማለት አይደለም። ብዙ አዛውንቶች ከኖሩበት ቤት ሳይነቀሉ እንዲቀሩ ረድቷል። በ1996 የጸደቀው «ፕሮፖዚሽን 218» ደግሞ የአካባቢ መስተዳድሮች አዲስ ግብር ሲጥሉ የመራጩን ይሁንታ እንዲጠይቁ አስገደደ፤ ነዋሪውም ፊርማ አሰባስቦ የአካባቢውን ግብርና ክፍያ እንዲያስቀንስ ወይም እንዲያሰርዝ መብት ሰጠው። ሹማምንት ከሕዝብ ኪስ ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት ማስረዳት ግድ ሆነባቸው።

በካሊፎርኒያ የሚፈርመው በመራጭነት የተመዘገበ ዜጋ ነው። እዚያ ወንድም ወይም እህት ካለዎት፣ በገበያ ማዕከል ደጃፍ ወረቀት ይዞ የሚጠብቅ ፊርማ ሰብሳቢ ማጋጠሙ አይቀርም። ሦስት ጥያቄዎችን እንዲያነሱ ይምከሯቸው፦

• የሚቀነሰው ገንዘብ እስካሁን ለምን አገልግሎት ይውል ነበር?
• ጉድለቱ በምን ይሸፈናል? በሌላ ክፍያ ወይስ አገልግሎት በመቀነስ?
• ዛሬ የምንጠቀመው እኛ ብንሆን፣ ነገ ቤት የሚገዙት ልጆቻችን ምን ይደርስባቸዋል?

በቤትዎ ወጪ ሲበዛ ባልና ሚስት ቁጭ ብላችሁ «የቱ ይቅር?» ትባባላላችሁ እንጂ ዝም ብላችሁ የቤት ኪራዩን አትሰርዙም። የከተማ በጀትም እንዲሁ ነው። «ይብዛብናል» ማለት የነዋሪው መብት ነው፤ የቱ እንደሚቀር አብሮ መናገር ግን የቤተሰብ ኃላፊ ወግ ነው።