«ሙድ ያዘብኝ»፦ የአራዳ ቋንቋና ሰዋስው



«ሙድ ያዘብኝ» ሲባል በዲላ ጎዳናም ሆነ በግቢያችን ያልሰማ የለም። «ሙድ» ከእንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን በምንጩ የመንፈስን ሁኔታ ያመለክታል፤ «ያዘ» የራሳችን ግሥ ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ ግን «አፌዘብኝ» የሚል፣ በአንዳቸውም ያልነበረ ፍቺ ወለዱ። «ሙድ ያዘኝ» አለመባሉንም አስተውሉ። በ«ያዘብኝ» ውስጥ ያለው «ብ» «ሞተብኝ»፣ «ጠፋብኝ» ስንል ተጎጂውን የምናመለክትበት ምዕላድ ነው። የአራዳ ቋንቋ አማርኛን አበላሸ የሚሉ ወገኖች ሰዋስውን አልመረመሩም ባይ ነኝ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። «አራዳ» አስቀድሞ በአዲስ አበባ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የነበረው ገበያ ስም ነው። የሰፈሩ ስም የብልህ ከተሜ መጠሪያ ሲሆን፣ ሌላው «ፋራ» ተባለ። በጌዴኡፋ አፉን የፈታ፣ አማርኛን ከመጽሐፍ የተማረ የቡሌ ወይም የኮቾሬ ልጅ መኝታ ክፍል ገብቶ «ላሽ በል» ቢባል ግራ ይጋባል፤ ይሳቅበታልም። (እዚህም ያው ምዕላድ አለ።)

ፈተና ላይ «ጀለስ» ተጽፎ ባገኝ አርማለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ግን እነዚህን ቃላት ሰሌዳ ላይ አስጽፌ በጋራ እንፈታቸዋለን፤ «ነቄ» ከ«ነቃ» መውጣቱን ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚደርሱበት እነዚያው የገጠር ልጆች ናቸው።