ነፍሰ ጡር እናትና የኮሮና በሽታ

የኮሮና በሽታ በአገራችን መጀመሪያ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ወሬው ቢበርድም በሽታው ፈጽሞ አልጠፋም። ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ይጠናል፤ ልጁም ያለ ጊዜው እንዲወለድ ሊያደርግ ይችላል።

የቁይና የአካባቢዋ እናቶች፤ ሳልና ትኩሳት ሲይዛችሁ «ብርድ ነው፣ ያልፋል» ብላችሁ ቤት አትዋሉ። ነፍሰ ጡሯን ትንፋሽ ካጠራት፣ ደረቷን ከወጋት፣ ደም ከታያት ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ባልና ጎረቤት ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሷት።

እዚያም እርግዝናውንና ሕመሙን አብራችሁ ተናገሩ። በምርመራ የተረጋገጠ ኮሮና በዓለም የጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ «ዩ 07.1» የሚል ምልክት አለው፤ እርግዝናም የራሱ ምልክት አለው። ሁለቱ አብረው ሲጻፉ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ብትላኩ እንኳ ተቀባዩ ሐኪም የእናቱንም የልጁንም ነገር አስቦ ያክማል። ስለዚህ የመላኪያ ወረቀታችሁን አትጣሉ።

የታመመች አራስ ጡት አትከልክል፤ በሽታው በወተቷ አይተላለፍም። ነገር ግን እጇን በውሃና በሳሙና፣ ሳሙና ባይኖር በአመድ ትታጠብ፤ አፍና አፍንጫዋንም በንጹሕ ጨርቅ ትሸፍን። የቤቱም በርና መስኮት ተከፍቶ ነፋስ ይግባበት ብለን እናሳስባለን።