ስለ አጥር በር አሠራርና አሰቃቀል

በአገራችን የሰው ቤት አስቀድሞ የሚታወቀው በደጁ ነው። ደጃዝማች የሚባለው ማዕርግ እንኳ ስሙን የወሰደው ከደጅ ነው፤ በቀድሞውም ዘመን ደጅ ጠኚ የነበረ ሰው ጉዳዩ እስኪፈጸምለት ድረስ ውሎው በጌታው በር ፊት ነበር። ዳሩ ግን በብዙ ግቢ መዝጊያው አዘንብሎ ጫፉ መሬት ሲጭር፤ በረኛውም በትከሻው እያነሣ ሲከፍተው ይታያል። ይህም የማያምር ብቻ አይደለም። ሕፃናት በመዝጊያ ላይ ተንጠልጥለው መወዛወዝ ይወዳሉና፤ ማጠፊያው የላላ ከባድ መዝጊያ በወደቀ ጊዜ የሚያገኘው እነርሱን ነው።

ሰው ሁሉ ጥፋቱን በማጠፊያው ያሳብባል። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የምሰሶውና የሰያፉ ነው።

ለምሰሶ ጥድና ወይራ ምስጥን ስለሚታገሡ የተመረጡ ናቸው። በየስፍራው የሚገኘው ባሕር ዛፍ ግን ሳይደርቅ ከተሠራበት ይጣመማል፤ መሬት የገባውንም ወገን ምስጥ ቶሎ ይበላዋል። ከመሬት በላይ 2 ሜትር የሚቆም ምሰሶ 1 ሜትር ያህል መቀበር ይገባዋል። ውሃ እንዳይቋጥር ከጉድጓዱ ግርጌ ጠጠር ይነጠፋል፤ ቀጥ ማለቱም በቱምቢ ይታያል። በስሚንቶ የቆመ እንደ ሆነ ሳምንት ያህል መታገሥ ያሻል፤ በማግሥቱ መዝጊያ የሚሰቅልበት አናጢ ለሌላ አናጢ ሥራ ያዘጋጃል።

መዝጊያው ከ1 ሜትር ተኩል የሰፋ እንደ ሆነ ሁለት አድርጎ መሥራት ይሻላል። ሳንቃዎቹ በሁለት አግዳሚ ላይ ከተመቱ በኋላ፤ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በገመድ ሲለካ ሁለቱ ልክ እኩል መሆን አለባቸው። ከዚህ በኋላ የሚገባው ሰያፍ እንጨት ነው፤ ብዙ አናጢም የሚሳሳተው በዚህ ነው። ሰያፉ በማጠፊያው ወገን ከታች ተነሥቶ በመቀርቀሪያው ወገን ወደ ላይ መውጣት አለበት። እንዲህ ሲሆን የነጻው ጫፍ ክብደት እንጨቱን እየተጫነ በታችኛው ማጠፊያ ላይ ያርፋል። ተገልብጦ የተመታ እንደ ሆነ ግን ክብደቱ እንጨቱን ይጎትተዋል፤ ምስማሩም ቀስ በቀስ ይነቀላል። በእንጨት ፈንታ ሽቦ የሚወጠር ከሆነ ነገሩ ግልብጥ ነው፤ ሽቦ መጎተትን እንጂ መጫንን አይችልምና።

እንደዚሁም የታችኛው ማጠፊያ ሲጫን የላይኛው ይሳባል፤ ስለዚህ የላይኛው በምስማር ሳይሆን ምሰሶውን አልፎ በሚወጣ ብሎን ይታሰር። የጥንት ጠራቢዎች ይህን ሁሉ ሳይሹ፤ ከመዝጊያው ከራሱ እንጨት ላይና ታች ጉጥ አውጥተው በጉበኑና በመድረኩ በተፈለፈለ ጉድጓድ ያዞሩት ነበር። ክብደቱ በታችኛው ጉጥ ላይ ስለሚያርፍ በቀላሉ አያዘነብልም፤ እኔስ ይህን ከብዙ የገበያ ማጠፊያ አብልጬ አደንቀዋለሁ።

ሲሰቀልም አራት ጣት የሚወፍር ጉማጅ ከመዝጊያው በታች ይደረጋል፤ እንጨት በክረምት ስለሚያብጥ በየጎኑ አንድ ጣት ክፍት ይተዋል፤ ማጠፊያው ከታሰረ በኋላ ጉማጁ ይወጣል። ግቢው ወደ ውስጥ ከፍ የሚል እንደ ሆነ ግን፤ ምሰሶ ከመተከሉ አስቀድሞ የመዝጊያውን መዞሪያ በገመድ ለክቶ መሬቱን መደልደል ነው።