ሥዕል ትምህርት ቤት መግባት ያዋጣል ወይ ላላችሁኝ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ይህንኑ ነው። በአጭሩ መልሼ ማለፍ ስላልፈለግኩ እዚህ እጽፋለሁ።

እኔ የገባሁት ትልቅ ሕልም ይዤ ነው። ቤተሰቦቼ ኢንጂነሪንግ ሲሉኝ፣ ማንም ያልሠራውን ሥዕል እሠራለሁ ብዬ ነበር። መጀመሪያ የጠበቀኝ ግን ከሰልና የጂፕሰም ጭንቅላት ነው። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይሰለቻል፤ እኔ ወደድኩት። የአፍንጫው ጥላ ጉንጩ ላይ ወድቆ የት ጋ እንደሚሳሳ ለማየት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከሰሉን የምናነሣው በዳቦ ልብ ነው፤ ጨፍልቀህ ወረቀቱ ላይ ጫን ስታደርገው ጥቁሩን ይዞ ይነሣና ብርሃኑ ይወጣል። ሸራ ስለሚወደድ አቡጀዲ ገዝተን እንጨት ላይ ወጥረን፣ ኮላ ቀብተን፣ ሲደርቅ በነጭ ቀለም እንለብጠዋለን። ማዕዘኑ ላይ ከላላ ይጨማደዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚያቃናው የለም። ይህን ሁሉ ያስተማሩኝን ዛሬም አመሰግናለሁ።

ልቤ የተሰበረው በኋላ፣ የራሴን መሥራት ስጀምር ነው። ሰውም ቤትም የሌለበት፣ ቀለምና ቅርጽ ብቻ የሆነ ሥራ አቀረብኩ። መምህሩ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ «ኢትዮጵያዊነቱ የታለ?» አለኝ። ስለ ቀለሙ አንድ ቃል አልተናገረም። ሥራዬን ይዤ የሄድኩበት ጋለሪም የጀበና ወይም የዓይነ ትልቅ ሴት ሥዕል ካለኝ እንዳመጣ ነገረኝ። ለቤት ኪራይ ብለው እነዚያን የሚደጋግሙ ጓደኞች አሉኝ፤ አልፈርድባቸውም። ትምህርት ቤቱ ግን እንደ ገበያው ማሰብ አልነበረበትም።

«ኢትዮጵያዊነቱ የታለ?» የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲመለስ፣ ረቂቅ ሥዕሎቹን «የፈረንጅ ነው» ያሏቸው ነበሩ። አባቱ አለቃ ደስታ ብራና ላይ የሚሥሉ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ! ከብራና ሥዕል ቤት የወጣን ልጅ ኢትዮጵያዊነትህን አሳይ ማለት እስካሁን ያስቆጣኛል። እሱ ግን መሥራቱንም አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማሩንም ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። ጀርመን ቀርተው ከነበሩት ሥዕሎቹ የተመለሱት ዛሬ በስሙ በተሰየመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛሉ። ሙዚየሙ ሄጄ እስካያቸው ድረስ ሥዕሎቹን የማውቃቸው በፎቶ ኮፒ ነበር። ፊት ለፊት ስቆም የቀለሙን ውፍረትና የእጁን ፍጥነት አየሁ፤ ለመምህሬ ልመልስ የሚገባኝ መልስ እዚያ ግድግዳ ላይ ነበር። ተማሪ ገና በገባ በመጀመሪያው ሳምንት እዚያ ሊወሰድ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ያዋጣል ወይ? እጃችሁንና ዓይናችሁን ለማሠልጠን ከሆነ፣ አዎ፣ ግቡ። ምን እንደምትሥሉ እንዲነግሯችሁ ከሆነ፣ አይሆንም።

ለመግቢያ ፈተና የምትዘጋጁ፣ ሥራችሁን ላኩልኝ። በቀን ብርሃን አንሡት፤ ፍላሽም ፊልተርም አይኑረው። አይቼ በግልጽ የማስበውን እነግራችኋለሁ።