ከጎንደር ትይዩ ያለችው ደሴት

ካርታ ዘርግታችሁ ጣታችሁን ጎንደር ላይ አሳርፉ። ከዚያ ሳታዘነብሉ ወደ ምሥራቅ ሳቡት። ጣታችሁ ዋግን ተሻግሮ፣ አፋርን ቆርጦ፣ በባብ ኤል መንደብ ጠባብ በር ሾልኮ ይወጣና የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ይዞ ይነጉዳል። ከዚያ በኋላ ለረጅም መንገድ ውኃ ብቻ ነው። በውኃው መካከል መጀመሪያ የምታገኟት ሰፊ ምድር ሶኮትራ ናት።

ደሴቲቱ የየመን ግዛት ናት፤ ይሁንና ከየመን ይልቅ ለአፍሪካ ቀንድ ጫፍ ትቀርባለች። ከሶማሌ ምድር 240 ኪሎ ሜትር፣ ከዐረብ ምድር ደግሞ 380 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ርዝመቷ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት ታናናሽ ደሴቶችም በምዕራብ በኩል ተከትለዋታል። አፋርን የሰነጠቀውና ስምጥ ሸለቆን የወለደው ያው የመሬት መላቀቅ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ሲከፍት፣ ሶኮትራም ከዐረብ ምድር ተገንጥላ ባሕር ውስጥ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ላለፉት ሚሊዮኖች ዓመታት ያላት ሁሉ ለብቻው አድጓል። ከ825 የዕፅዋት ዓይነቶቿ ከ300 በላይ የሚሆኑት፣ ከተሳቢ እንስሳቷም ከመቶ 90ው በሌላ በየትኛውም ምድር አይገኙም። ዩኔስኮ በ2008 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገባት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዕፅዋቱ ሁሉ ስሙ የገነነው የዘንዶ ደም ዛፍ ነው። ግንዱ ራቁቱን ይቆማል። ከላይ ለሁለት ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ቅርንጫፍም እንደገና ለሁለት፣ እንዲህ እየተከፈለ ሄዶ በመጨረሻ ጫፉ ሁሉ እንደ ቃጫ የሾለ የቅጠል ጭብጥ ይይዛል። ከሩቅ ያየው ሰው ነፋስ የገለበጠው ጃንጥላ ይመስለዋል። የቅርጹ ጥቅም የሚገባው ጉም ሲመጣ ነው። ቅጠሎቹ ጉሙን ያጠምዱታል፤ ጠብታው በቅጠሉ ወርዶ፣ በቅርንጫፉ ተንሸራቶ፣ ከዛፉ ሥር ይንጠባጠባል። ዝናብ ባልጣለበት ቀንም ሥሩ ይረሰርሳል። ያንን እርጥበት ፀሐይ እንዳትልሰው ጥላው ይከልለዋል፤ ቡቃያውም ብዙ ጊዜ የሚያቆጠቁጠው በዚያ ጥላ ውስጥ ነው።

ቅርፊቱ ሲቆስል ደም የመሰለ ሙጫ ያወጣል። የደረቀውን ቁራጭ በእጅ ይዘው ሲያዩት የጠቆረ ጠጠር ነው፤ ሲወቅጡት ግን ደማቅ ቀይ ዱቄት ይሆናል። የደሴቲቱ ሰዎች ቁስል ያክሙበታል፣ ሴቶቹም የሸክላ ዕቃቸውን ያስጌጡበታል። ዐረቦች «የሁለቱ ወንድማማቾች ደም» ይሉታል። የዚህ ዛፍ የቅርብ ዘመድ እኛም ዘንድ፣ በትግራይ በደስአ ደን አካባቢ ባለው ደረቅ ተዳፋት ላይ ይበቅላል፤ እሱም እየተመናመነ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ሌላም አለ። የዱባና የቅል ወገን አብዛኛው ሐረግ ሆኖ ሲሳብ፣ በሶኮትራ አንዱ ብቻውን ግንዱ አብጦ ዛፍ ሆኗል። የድርቅ ዓመት ሲመጣ ግንዱ ተከትፎ ለፍየል ይሰጣል። ከአለቱ ላይ የሚንጠለጠሉ የዕጣን ዛፎች አሉ። እሬቷ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በየወደቡ የሚፈለግ መድኃኒት ነበር። በሐዲቦ ከተማ ጎዳናዎች ፊታቸው ቢጫ የሆነ ነጫጭ ጥንብ አንሳዎች ከሰው መካከል ይንጎራደዳሉ፤ በሌላው ዓለም ቁጥራቸው ክፉኛ ያሽቆለቆለ እነዚህ ወፎች እዚህ የከተማው ጽዳት ሠራተኞች ናቸው።

ዕፅዋቷ ለብቻቸው ቢያድጉም ሰው ግን ሶኮትራን ዘንግቷት አያውቅም። በአንደኛው መቶ ዘመን የተጻፈውና የአክሱምን ወደብ አዱሊስን የሚያነሣው የኤርትራ ባሕር የመርከበኞች መምሪያ፣ በሶኮትራ ዐረቦች፣ ሕንዶችና ግሪኮች ለንግድ እንደ ሰፈሩ ይናገራል። ማስረጃው በ2000 እ.ኤ.አ. ከጨለማ ወጣ። በሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ባለው የሆቅ ዋሻ የቤልጅየም ዋሻ አጥኚዎች እየዘለቁ ሄደው፣ የቀን ብርሃን ከማይደርስበት ጥልቀት ውስጥ ከ200 በላይ ጽሑፎች አገኙ። አብዛኞቹ የሕንድ መርከበኞች የተዉአቸው ናቸው። አንድ የሶርያዋ ፓልሚራ ሰው በ258 እ.ኤ.አ. በእንጨት ሰሌዳ ላይ የጻፈው ጸሎትም አለ። ከእነዚህ ሁሉ ጋር የአክሱም ዘመን የኢትዮጵያ ፊደል እዚያው ዋሻ ውስጥ ተጽፎ ተገኝቷል። የእኛ ሰው በነፋስ ተጉዞ፣ በችቦ ብርሃን እዚያ ድረስ ገብቶ ጽፏል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞቃል።

መንገዱ የአንድ ወገን ብቻም አልነበረም። በስድስተኛው መቶ ዘመን አዱሊስን የጎበኘው ነጋዴ ኮስማስ፣ በሶኮትራ አጠገብ ቢያልፍም እንዳልወረደባት፣ ግሪክኛ የሚናገሩ የደሴቲቱን ሰዎች ግን በኢትዮጵያ እንዳገኛቸው ጽፏል። ሶኮትራ ያኔ ክርስቲያን ነበረች። ፖርቱጋሎች በ1507 እ.ኤ.አ. ምሽጓን በጦር ይዘው ብዙም ሳይቆዩ ለቀው ሄዱ። ከ35 ዓመት በኋላ የደረሰው ሚስዮናዊ ፍራንሲስ ዣቪየር፣ ካህናቱ ማንበብ እንደማይችሉና ጸሎቱን በማያውቁት ቋንቋ በቃል እንደሚደግሙት መሰከረ። ዛሬ ሕዝቡ ሙስሊም ነው። የማህራ ሱልጣኖች ገዟት፣ እንግሊዝ በጥበቃዋ ሥር አደረገቻት፣ በ1967 እ.ኤ.አ. ከደቡብ የመን ጋር ተቀላቀለች።

ቋንቋዋ ሶቆጥሪ ይባላል፤ ከዐረብኛ የተለየ ሴማዊ ቋንቋ ነው። እኛ «ሄድኩ» ስንል መጨረሻ ላይ የምናሰማትን «ክ» ሶቆጥሪም ይዟታል፤ ዐረብኛ በእሷ ቦታ «ት» ይላል። ከዚህ ይልቅ የገረመኝ የ«ሠ» ነገር ነው። ንጉሡ «ሠ»ና እሳቱ «ሰ» በአፋችን አንድ ከሆኑ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ተማሪ ሁሉ በቃል ያጠናቸዋል። ምሁራን እንደሚሉት «ሠ» ጥንት የራሷ ድምፅ ነበራት፤ ምላስ ከላይ ተጠግታ እስትንፋስ በጎንዋ የሚያመልጥበት። ያ ድምፅ በሶኮትራ እረኞች አፍ ዛሬም ይሰማል።

ከሰኔ እስከ መስከረም የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ባሕሩን ይዘጋዋል፤ በ1999 እ.ኤ.አ. አውሮፕላን ማረፊያ እስኪከፈት ድረስ በእነዚያ ወራት ደሴቲቱ ከዓለም ትቆረጥ ነበር። ነፋሱን የለመዱት ዛፎች ግን በኅዳር 2015 እ.ኤ.አ. በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ የመጣውን አውሎ ነፋስ አልቻሉትም፤ ብዙ ሽማግሌ ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ ወደቀ። የወደቀውን የሚተካ ወጣት ዛፍ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። ቡቃያው ብቅ ሲል ፍየል ይግጠዋል፤ ትልልቆቹ ደኖች ልጅ የሌለባቸው የሽማግሌዎች መንደር ሆነዋል። ለዚህ ነው አንዳንድ የደሴቲቱ ሰዎች ችግኙን በድንጋይ ካብና በሽቦ አጥረው የሚጠብቁት። ዓመታት ውኃ እየጠጣ የኖረ ችግኝ ዛሬም ከጭብጥ ሣር አይበልጥም፤ ካቡ ሊነሣለት የሚችለው ከፍየል አፍ በላይ ሲያድግ ነው፤ ለዚያም ገና አሥርት ዓመታት ይቀሩታል።